ቆዳው አልገጥም ላላችሁ፦ የአጋዘን ፎርም አመራረጥና አሠራር ደረጃ በደረጃ

የወጠጤ ወይም የሙክት ጭንቅላት አልብሰው ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት ቆዳው ላይ ሳይሆን ቆዳው የሚለብሰው ፎርም ላይ ነው። ፎርም ማለት ከደረቅ ፎም የተሠራ የጭንቅላትና የአንገት ቅርጽ ነው። ፎርሙ ቀድሞ ይገዛል፤ ከዚያ ቆዳው እንዲደርስለት ይጎተታል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስፌቱ ይከፈታል፣ ዐይኑ ይፈጣል፣ ከንፈሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይደርቃል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ እንስሳው ይለካል፣ ቀጥሎ ልኩን የሚቀርብ ፎርም ይመረጣል፣ የቀረው ልዩነት በሞረድና በመጋዝ ከፎርሙ ላይ ይነሳል። ቆዳ አይጎተትም።

ከውጭ የሚመጣው ዝግጁ ፎርም በብዛት የተሠራው ለአሜሪካው ባለነጭ ጭራ አጋዘን ነው፤ ይህ እንስሳ ደግሞ እኛ አገር የለም። ከዚህ በታች «አጋዘን» የምንለውም እሱን ነው። ሐዋሳ ላይ እጃችን የሚገባው ፍየል፣ በግ፣ አልፎ አልፎም ወረቀቱ የተሟላለት ድኩላ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የአጋዘን ፎርም እንዴት እንደሚመረጥ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ፍየል እንዴት እንደሚታረምም ነው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት

ፈቃድ፦ የዱር እንስሳ ቆዳ ወይም ቀንድ ያለ ሕጋዊ ወረቀት አትቀበሉ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጁ ቀልድ አያውቅም። «አጎቴ ድሮ ያደነው ነው» የሚል ደንበኛ ቢመጣ እንኳ ሥራው ይቅርባችሁ።

አባ ሰንጋ፦ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ቆዳ አትንኩ፣ ፍየልም ቢሆን። የበሽታው ዘር ቆዳና ፀጉር ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጨውም ሆነ ማድረቅ አይገድለውም።

አሮጌ ሥራ፦ ከጥንት ሆቴል ወይም ቤት የወጣ የደረቀ ጭንቅላት ገንጥላችሁ ፎርሙን ልትጠቀሙ አታስቡ። ድሮ ቆዳውን ከነፍሳት ለመጠበቅ አርሴኒክ ይቀባ ነበር፤ መርዙ ዛሬም እዚያው አለ። ስትቧጥጡት አቧራው ሳንባችሁ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ከአራጁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ይህን ደረጃ የውጭ አገር መመሪያ ላይ አታገኙትም። እዚያ የሚለበሰው አጋዘን በጥይት የወደቀ ስለሆነ ጉሮሮው አይነካም። የእኛ ፍየል ግን ይታረዳል። ቢላዋው ልክ ከመንጋጋው ሥር ያርፋል፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ደግሞ ያንኑ ቦታ ነው።

1. አራጁ ከተቻለ ወደ ደረቱ ወረድ አድርጎ እንዲያርድ፣ መቁረጫውም አጭርና አንድ መስመር እንዲሆን ንገሩት። መጋዝ እንደሚስብ ወዲያ ወዲህ ያለ ቢላዋ የቆዳውን ጠርዝ ይቦጫጭቀዋል፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ አልሰፋ ይላል።
2. ቆዳውን በተለመደው መንገድ ከሆድ እስከ አገጭ እንዳይቀድደው ከልክሉት። ቀዳዳው በጀርባ በኩል ይሁን፤ ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ተነስቶ በማጅራት ወደ ላይ ይውጣና ከጆሮዎቹ ጀርባ ተከፍሎ ወደየቀንዱ ሥር ይሂድ።
3. ከትከሻው በኋላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ቆዳ ትርፍ ይተውላችሁ። የትከሻ ፎርም ፍሪምባውን ጭምር ይሸፍናል፤ አንገት ላይ የተቆረጠ ቆዳ ለምንም አይሆንም።
4. የፊቱን ቆዳ ራሳችሁ ግፈፉ። የዐይን ቆብ፣ ከንፈርና የአፍንጫ ጫፍ በችኮላ አይገፈፉም።

ጉሮሮው ከተቆረጠ ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ደረጃ 4 ላይ የምትመርጡትን አቋም ይወስናልና አትርሱት።

ደረጃ 2፦ ለኩ፣ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ

የሚያስፈልጋችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። የብረት ሜትር አንገት ላይ ስለማይተኛ አትጠቀሙበት።

ከመገፈፉ በፊት ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ፎቶ አንሱ። ካሜራው ከእንስሳው ዐይን እኩል ይሁን። ከቀንዱ ጫፍ እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል፣ እንዲሁም ከቀንድ ጫፍ እስከ ቀንድ ጫፍ ያለውን ለኩ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከሌሏችሁ ቀንዱን ወደ ቦታው ስትመልሱ በግምት ነው የምትሠሩት።

ከተገፈፈ በኋላ፣ ሥጋው ላይ፦

1. ከዐይን እስከ አፍንጫ። ሜትሩን ከዐይኑ የፊት ማዕዘን፣ ማለትም ወደ አፍንጫ ካለው ጫፍ፣ አስነስታችሁ እስከ አፍንጫው ጫፍ አድርሱት። ዋናው ልክ ይህ ነው።
2. የላይኛው የአንገት ዙሪያ። ልክ ከጆሮ ሥር፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚገጥምበት ቦታ።
3. የታችኛው የአንገት ዙሪያ። ከዚያ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ወረድ ብሎ።
4. በሁለቱ ዐይኖች የፊት ማዕዘኖች መካከል ያለው ስፋት።
5. የዐይን ኳሱ ውፍረት። ኳሱን አውጥታችሁ በካሊፐር ለኩ፤ ሳትጫኑት።

አንገቱን በፀጉሩ ላይ ለክታችሁ ያንን ቁጥር ካዘዛችሁ ፎርሙ ይበልጣል። ፎርም የሥጋ ምትክ ነው፤ የቆዳና የፀጉር ውፍረት ቁጥሩ ውስጥ መግባት የለበትም። ሥጋው ለምሳ ከሄደ በኋላ የደረሳችሁ ከሆነ ቆዳውን ገልብጣችሁ፣ ሳትስቡ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ስፋቱን በዚያው መስመር ለኩ። እንደ መጀመሪያው አስተማማኝ ባይሆንም ከባዶ ግምት ይሻላል።

ቆዳውን ወዲያው ጨው ውስጥ አስገቡት። የሐዋሳ ቀትር ሥራ አይታገስም፤ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ፀጉሩ በጣት ሲሳብ ይነሳል። የተጣበቀ ሥጋና ስብ ፍቁ፣ ከንፈሩንና የዐይን ቆቡን ከውስጥ ሰንጥቃችሁ ክፈቱ፣ ጆሮውን እንደ ካልሲ ገልብጡ፤ ከዚያ የቆዳውን ክብደት የሚያህል ደቃቅ ጨው እየፈተጋችሁ አልብሱት። ውሃው እንዲወርድ ተዳፋት ላይ አጋድሙት። በማግሥቱ እርጥቡን ጨው አራግፋችሁ አዲስ ጨምሩ። ይህን ሁሉ ጣሪያ ሥር ሥሩ፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው አካባቢ የምትኖሩ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ቆዳ ከሥጋ አይለይም።

ማልፋቱን ሞጆ ላሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ወይም ለሌላ አልፊ የምትሰጡ ከሆነ «ፀጉሩ እንዳለ» ማለትን አትርሱ። ካላላችሁ በተለመደው አሠራራቸው ኖራ ውስጥ ነክረው ፀጉሩን አራግፈው ለጫማ የሚሆን ንጹሕ ቆዳ ይመልሱላችኋል። ጥፋቱ የእናንተ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 3፦ ልኩን ከፎርሙ ጋር አዛምዱ

ካታሎጉ ላይ ፎርም በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ መጀመሪያ ከዐይን እስከ አፍንጫ፣ ቀጥሎ የአንገት ዙሪያ፣ ሁለቱም በኢንች። የእናንተን ሴንቲሜትር ለ2.54 አካፍሉ። 15.2 ሴንቲሜትር 6 ኢንች፣ 17.8 ሴንቲሜትር 7 ኢንች፣ 43.2 ሴንቲሜትር 17 ኢንች ነው። በዐይን ግምት «7 ይበቃል» ብሎ ማዘዝ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣበት ነው፤ ፊት ላይ ግማሽ ኢንች ማለት ከንፈር የሚዘጋና የማይዘጋ ፊት ልዩነት ነው።

ያደገ ወንድ አጋዘን ከዐይን እስከ አፍንጫ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 7.5 ኢንች ይሆናል። የእኛ ፍየል ፊት ከዚህ ያጥራል። ስለዚህ የወንዱን ገጽ አልፋችሁ የሴት አጋዘንና የትንንሽ አጋዘን ፎርሞች የተዘረዘሩበትን ገጽ እዩ። «ቀንድ ያለው ስለሆነ የወንድ ፎርም ያስፈልገዋል» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ቀንዱን ኋላ እናንተ ናችሁ የምትተክሉት።

ሁለቱም ቁጥር በአንድ ፎርም ካልተገኘ ለፊቱ ልክ አድሉ። አንገት ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይሞላል። ፊት ግን ዐይኑ፣ አፍንጫውና አፉ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይበላሻል። አንገቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቀ ትንሹን ውሰዱ። ትርፍ ቆዳ በእጅ እየተገፋ ፀጉሩ ውስጥ ይጠፋል፤ የጎደለ ቆዳ ግን ከየትም አይመጣም።

አምራቾቹ አንገት የሚለኩበት ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከማዘዛችሁ በፊት የዚያን አምራች የመለኪያ ሥዕል ፈልጋችሁ የእናንተ ሜትር ያረፈበት ቦታ የእነሱ ሜትር ካረፈበት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

*ፎርም ካላገኛችሁ*

የኮልድ ሩም ግድግዳ ቁራጭ ካገኛችሁ በውስጡ ያለው ደረቅ ቢጫማ ፎም ከዝግጁው ፎርም ጋር የአንድ ዘር ነው፤ በደንብ ይቀረጻል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ የሆነው ነጩ ባለ እንክብል ፎምም ይሠራል፣ ግን ማስቲሽ አታስነኩት። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ነጩን ፎም ዐይናችሁ እያየ ያቀልጠዋል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛም እንዲሁ። በውሃ የሚቀጥነውን የአናጢ ኮላ ተጠቀሙ። ከጎን የተነሳውን ፎቶ በትክክለኛ መጠኑ ካርቶን ላይ ሣሉ፣ ቆርጣችሁ አውጡ፣ በእሱ ልክ ፎሙን በመጋዝ ቁረጡ፤ ከዚያ ከፊት የተነሳውን እንዲሁ። በመካከሉ ከጀርባ ኮምፔርሳቶው (ፎርሙ ግድግዳ ላይ የሚያርፍበት ሰሌዳ) እስከ ግንባር የሚደርስ እንጨት ይግባ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ግን ዝግጁ ፎርም ብትገዙ ይሻላል፤ ፊት መቅረጽ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ጭድ ወይም ሣር መሙላት አይሆንም። እርጥበት ይስባል፣ ነፍሳት ያራባል፣ ሲደርቅ ይጎድላል።

ደረጃ 4፦ አቋም ምረጡ

አቋሞቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው፤ ቀጥ ብሎ ቀና ያለ፣ መካከለኛ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደረገ። በዚህ ላይ ወደ ግራ የዞረ፣ ወደ ቀኝ የዞረና ቀጥ ብሎ የሚያይ አለ።

ፍየል ከአጋዘን ይልቅ ቀና ሲል ያምርበታል። ሆኖም ጉሮሮው መታረጃው ላይ ከተሰፋ ቀና ያለ አቋም ስፌቱን ለተመልካች ፊት ለፊት ያቀርበዋል። እንዲህ ሲሆን መካከለኛውን ወይም ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ አገጩና ጢሙ ስፌቱን ይጋርዱታል። ባለቤቱ «ኮራ ብሎ ይታይ» ቢላችሁ ቆዳውን አሳዩትና ራሱ ይወስን።

ስለ ዙረቱ፣ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሄዳችሁ እዩ። እንስሳው ወደ ክፍሉ ወይም ወደ በሩ እንዲያይ ነው የሚፈለገው፤ ጥግ ላይ ተሰቅሎ ወደ ጥጉ የሚያፈጥ ጭንቅላት የተቀጣ ተማሪ ይመስላል። «ግራ» ሲባል በአብዛኛው የእንስሳው የራሱ ግራ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ቃሉን አትመኑ፣ ፎቶውን እዩ።

ደረጃ 5፦ ፎርሙን አዘጋጁ

ማስክና መነጽር አድርጉ፣ ከቤት ወጥታችሁ በረንዳ ላይ ሥሩ። የፎሙ ብናኝ ሳንባ ያውካል። ቁርጥራጩን አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

1. ላዩን በሙሉ በሞረድ ወይም በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ፎርሙ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጣ አምራቹ የሚቀባው ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፤ ማጣበቂያ አያስይዝም። የሚያብለጨልጭ ቦታ እስኪጠፋ አትቁሙ፣ በተለይ ከዐይን ሥር፣ ጉንጭ ላይና የአንገት ጎድጓዶች ውስጥ። ቆዳ ከፎርም የሚለቀው ሁልጊዜ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው።
2. ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።
3. የአፉን መስመር በካተር ቀደዱ። ወርዱ የከንፈሩን ቆዳ እጥፍ እንዲውጥ፣ ጥልቀቱም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይሁን።
4. የአፍንጫ ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ጀምራችሁ በትንሽ ቢላዋ አስፉ።
5. አጋዘን ከዐይኑ ፊት የእንባ ጉድጓድ የመሰለ ዕጢ አለው፤ ፎርሙም ላይ ተቀርጿል። ፍየል ይህ ዕጢ የለውም። ለፍየል ከሆነ ጉድጓዱን በመኪና ስቱኮ ሞልታችሁ አስተካክሉት። ለበግ ግን ተዉት፤ በግ አለው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ፍየሎች አልቅሰው የደረቁ መስለዋል።

ስቱኮ የምትቀቡት ማጠንከሪያውን በደንብ ካዋሃዳችሁ በኋላ ነው። ነጩ ፎም ላይ ከሆነ ግን አታስነኩት፣ ያቀልጠዋል፤ በሸክላ ጭቃ ሙሉት።

ደረጃ 6፦ ሳታጣብቁ አልብሱ

የለፋውንና የረጠበውን ቆዳ ያለ ምንም ማጣበቂያ ፎርሙ ላይ አድርጉ። ይህን ደረጃ መዝለል የለም። ከፊት ጀምሩ፤ ዐይን ከዐይን፣ አፍንጫ ከአፍንጫ፣ የከንፈር ማዕዘን ከአፉ ማዕዘን ይግጠም። ጥቂት ስፒል ወግታችሁ ያዙት። ከዚያ የማጅራቱን ጠርዞች በጣት አገናኙ።

ጠርዞቹ ያለ ትግል ከተገናኙ ጥሩ። ሁለት ጣት ያህል ከተራራቁ አንገቱ በዝቷል። ቆዳው ተደራርቦ ከተረፈ አንሷል። የትኛው ቦታ እንደሆነ በማርከር ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቆዳውን አውልቁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪጁ የባለቤታችሁም ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የወጠጤ ጠረን ከማንም ወጥ ጋር አይስማማም።

*አንገቱ ከበዛ፦* እስከ አንድ ሴንቲሜትር የሚደርስ ልዩነት በሞረድ ብቻ ይስተካከላል። ዙሪያውን እኩል ሞርዱ፤ አንድ ጎን ብቻ ከበላችሁ አንገቱ ይጣመማል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንገቱን ከላይ ወደ ታች በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ከመካከሉ ቀጭን ሽብልቅ አውጡ፤ ሁለቱን ግማሾች በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አገናኙና እስኪደርቅ በገመድ እሰሩ። የጡንቻዎቹን መስመር ከውጭ ሳታጠፉ ልኩን የምትቀንሱበት መንገድ ይህ ነው።

*አንገቱ ከረዘመ፦* ከጆሮ ሥር አራት ጣት ያህል ወርዳችሁ በአግድም ቁረጡ፣ የተረፈውን ያህል ቁራጭ አውጡ፣ በሁለት ረጃጅም ቪቴና በኢፖክሲ መልሱ። ከመቁረጣችሁ በፊት በመቁረጫው ላይ ተሻግረው የሚያልፉ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች በማርከር አስምሩ፤ ስትገጥሙ መስመሮቹ ከተገናኙ ጭንቅላቱ አልዞረም ማለት ነው። ጭንቅላቱን ትንሽ ማዞር ከፈለጋችሁም ዕድሉ እዚህ ጋ ነው።

*አንገቱ ካነሰ፦* የሸክላ ጭቃ ወይም በኮላ የታሸ የወረቀት ቡኮ በስሱ ደርቡ፣ ይድረቅ፣ አሻክሩ። የበር ክፈፍ መሙያውን ስፕሬይ ፎም የምትጠቀሙ በቀጭኑ እየደረባችሁ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ሲደርቅ ቀጥሉ። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተነፋ ስፕሬይ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይቀራል፤ ቆዳው ከለበሰ በኋላ ማበጥ ይጀምራል።

ካስተካከላችሁ በኋላ እንደገና አልብሳችሁ እዩ። ጠርዞቹ እስኪገናኙ ድገሙት።

የጉሮሮውን መታረጃ መስፋት ያለባችሁ አሁን ነው፤ ቆዳው ተገልብጦ፣ ከውስጥ፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ በ4 ወይም በ5 ሚሊሜትር ርቀት። ክሩን ሰም አስነኩት። አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን የሚጠግኑበት ቀጭን የናይለን ክር ለዚህ ሥራ ከልብስ ክር እጅግ ይሻላል። መርፌው ባለ ሦስት ማዕዘን የቆዳ መርፌ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ቀንዱን ትከሉ

የአጋዘን ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው፤ ጽዱ ከሆነ በኋላ ምንም አይሆንም። የፍየል ቀንድ ግን ከላይ ሽፋን፣ ከውስጥ አጥንት አለው፤ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ትል ያፈራል። በአጋዘን መመሪያ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህንን ስለማያገኘው ከወር በኋላ ቤቱን የሚያውድ ጠረን ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

1. ራስ ቅሉን በብረት መጋዝ ከዐይን ጉድጓዶቹ መካከል ጀምራችሁ ከቀንዶቹ ኋላ እንዲወጣ ቁረጡ። ሁለቱ ቀንዶች በአንድ የአጥንት ሳህን ላይ ይቅሩ።
2. ሳህኑን ከነቀንዱ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በየቀኑ ሞክሩ፤ ሽፋኑ ሲላላ እያዞራችሁ ሳቡት። ለመፍጠን የምትቀቅሉ ከሆነ ውሃው ቀንዱን ሳይሆን የሥሩን አጥንት ብቻ ይንካ፤ የተቀቀለ ሽፋን ይሰነጠቃል። የቀኙንና የግራውን ምልክት አድርጉባቸው።
3. የውስጡን አጥንት ፍቁ፣ አጽዱ፣ አድርቁ። ሽፋኑን በኢፖክሲ ወይም በስቱኮ መልሳችሁ አጣብቁ።
4. ፎም ቪቴ አይዝም። የፎርሙን ግንባር ከፍታችሁ የእንጨት ኩብ በኢፖክሲ ቅበሩ፤ ሳህኑ በሦስት ቪቴ የሚታሰረው ከዚህ እንጨት ጋር ነው። ይህ ካልተደረገ ጭንቅላቱን በቀንዱ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ቀንዱን ይዞት ይቀራል። ያነሳልም።
5. የመጨረሻውን ቪቴ ከማጥበቃችሁ በፊት በደረጃ 2 የጻፋችኋቸውን ሦስት ቁጥሮች አውጡ። ከቀንድ ጫፍ እስከ አፍንጫ ያለው ርቀት ልክ እስኪመጣ ከሳህኑ ሥር ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ወይም ፎሙን እየሞረዳችሁ አስተካክሉ።
6. ክፍተቱን በስቱኮ ሙሉ። ጄሶም ይሆናል፣ ግን ክብደት ይጨምራል፤ ሳይደርቅ ቆዳ ካለበሳችሁትም ቪቴው ይዝጋል።

ደረጃ 8፦ ዐይንና ጆሮ

ለአጋዘን የሚሸጠው ዐይን ጥቁር ቡናማ ነው። የፍየል ዐይን ቢጫማ ወይም የማር ቀለም ያለው፣ ብሌኑም አግድም የተኛ ነው። የአጋዘን ዐይን ያደረገ ፍየል ምን እንደጎደለው ባይነገርም ሁሉም ሰው ያውቀዋል። መጠኑን በካሊፐር በለካችሁት እዘዙ።

ጉድጓዱን በሸክላ ጭቃ ሞልታችሁ ዐይኑን አስቀምጡ። ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ባለ አቋም ላይ ብትሆኑም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ሕያው ፍየል አንገቱን ሲደፋ ብሌኑን አዙሮ አግድም ያቆየዋል። ከፊት ቆማችሁ ሁለቱ ዐይኖች እኩል ወደ ውጭ መውጣታቸውን እዩ፤ ከዚያ ከላይ ሆናችሁ እዩ። በዐይኑ የላይኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን የጭቃ ቅስት አድርጉ፤ የዐይን ቆቡ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ቅስቱ ከሌለ ዐይኑ ደንግጦ ያፈጣል።

ለጆሮ ለአጋዘን የተሠራው ዝግጁ የፕላስቲክ ጆሮ ለፍየል አይገጥምም። ከጀሪካን ቆርጦ መሥራት የሚቀል ይመስላል፤ ችግሩ ጀሪካን ፕላስቲክ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ በደንብ አለመያዙ ነው፤ ቆዳው ሲደርቅ ይለቀዋል። ልም አጥንቱን አውጥታችሁ ቅርጹን ካርቶን ላይ አንሱ፣ የማይዝግ ቀጭን የመስኮት ወንፊት በዚያ ልክ ቁረጡ፣ ጆሮው ውስጥ አስገቡ፣ በሁለቱም በኩል ስስ ስቱኮ ቀቡና ሳይጠነክር ከውጭ በእጅ ቅርጽ ስጡት። ስቱኮው በጥቂት ደቂቃ ስለሚይዝ አንድ ጆሮ ሳይጨርሱ ለሁለተኛው አይበጠበጥም።

ደረጃ 9፦ አጣብቁ፣ ስፉ

ለቆዳ ማልበሻ የተሠራ ማጣበቂያ ካለ እሱን፤ ከሌለ ውሃ ያልተጨመረበት የአናጢ ኮላ። የዱቄት ሙጫ ግን ለብልና ለሻጋታ ድግስ መደገስ ነው።

1. ማጣበቂያውን ፎርሙን በሙሉ በብሩሽ ቀቡ፣ ጎድጓዳው ላይ ወፈር አድርጉ።
2. ቆዳውን አልብሱ፣ ፊቱን በደረጃ 6 እንዳደረጋችሁት ግጠሙ።
3. ስፌቱን ከቀንዱ ሥር ጀምሩ፣ በማጅራት ወደ ታች ውረዱ። መርፌው ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይውጣ፤ በየስፌቱ የተያዘውን ፀጉር በመርፌ ጫፍ ነቅላችሁ አውጡ።
4. ከንፈሩን በጠፍጣፋ እንጨት ወደ መስመሩ ክተቱ፣ የአፍንጫውን ቆዳ ወደ ቀዳዳው፣ የዐይን ቆቡን ከዐይኑ ሥር።
5. የትከሻውን ትርፍ ከኋላ ኮምፔርሳቶው ላይ በትንንሽ ሚስማር ምቱ።
6. ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ስፒል ውጉ፣ ጆሮዎቹን ከፊትና ከኋላ በካርቶን ያዙ፣ ፀጉሩን አበጥሩ።

ደረጃ 10፦ ማድረቅ

ጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። ሐዋሳ በክረምት የሐይቁ እርጥበት ስላለ ይዘገያል፤ ፋን አድርጉ፣ ግን ግድግዳው ላይ አቅጣጫ ስጡት እንጂ ጭንቅላቱ ላይ አታንፉት። አዳማ ያላችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ሞቃቱ ነፋስ ከንፈርንና ጆሮን ከሌላው ቀድሞ ስለሚያደርቅ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፊቱን በላላ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ፎን ወይም ፀሐይ ለማፋጠን የሚጠቀም ስንጥቅ ያተርፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ እዩት። ሥራው ገና ሊታረም የሚችለው በእነዚህ ቀናት ነው።

ቆዳው ከፎርሙ ለቆ ሲመቱት እንደ ከበሮ የሚጮህ ከሆነ፣ ቦታውን በእርጥብ ስፖንጅ አለስልሱ፣ በሲሪንጅ ማጣበቂያ ከሥሩ ውጉ፣ በስፒልና በካርቶን ተጭናችሁ እንደገና አድርቁ።

ከንፈሩ ከወጣ ውሃ አስነክታችሁ መልሳችሁ ክተቱና በሁለት ስፒል ያዙት። ደርቆ ከጠነከረ በኋላ ካያችሁት አታስገድዱት፤ ይቀደዳል። ክፍተቱን በኢፖክሲ ሸክላ ሙሉና ቀለም ቀቡ።

ስፌቱ ከተከፈተ የሚከፈትበትን ምክንያት ከስፌቱ ላይ አትፈልጉ። አንገቱ በዝቷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሆነ ክሩን ፍቱ፣ ቆዳውን አርጥቡ፣ ፎርሙን በዚያ ቦታ በሞረድ ቀንሱና እንደገና ስፉ። ከዚያ ካለፈ በኢፖክሲ ሸክላ ሞልቶ የተቆረጠ ፀጉር ማጣበቅ ነው ያለው።

ፀጉሩ በቁንጥር እየረገፈ ከሆነ ጥፋቱ ጨው ዘግይቶ መነካቱ ነው፤ እዚህ ላይ የሚደረግ ነገር የለም። ሥራው ሌላ ፍየል ይጠብቃል፣ ፎርሙን ግን አጽድታችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 11፦ መስቀል

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ስፒሎቹን ንቀሉ፤ በዐይን ዙሪያና በአፍንጫ ያሉ ክፍተቶችን በኢፖክሲ ሸክላ ሙሉ፤ ከንፈሩንና የአፍንጫውን ጫፍ በስሱ ቀለም ቀቡ። መጀመሪያ ያነሳችሁት ፎቶ አጠገባችሁ ይሁን፤ የፍየል አፍንጫ እንደታሰበው ጥቁር አይደለም።

ብሎኬት ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ፊሸሩ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ እንዳይወድቅ ቀጭን መሰርሰሪያ ቀድማችሁ ሞክሩ። ትራፓኖው በድንገት ወደ ውስጥ ከገባ ወደ ጎን ጥቂት ፈቀቅ በሉና ጠንካራውን ግድግዳ ፈልጉ። ከመስኮት ትይዩ ፀሐይ ከሚመታውና ከኩሽና ጭስ አርቁት። በየሦስት ወሩ አውርዳችሁ የጆሮውን ውስጥና የስፌቱን መስመር በባትሪ ብርሃን እዩ፤ ከሥሩ ወለል ላይ ደቃቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ብል ገብቷል ማለት ነው። የዚያኑ ዕለት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው ፈልጉ፤ ለአንድ ሳምንት ከነጠቀለላችሁበት ፕላስቲክ በረዶ ውስጥ ይክረም።